ሰራተኛው የኦንላይን ስልጠና አልገባ ሲላችሁ፦ ከሀ እስከ ፐ መመሪያ

ሆቴል በሉት፣ ጤና ጣቢያ በሉት፣ የክፍለ ከተማ ቢሮ በሉት፣ ጎንደር ውስጥ የዲጂታል ስልጠና አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሲስተሙ ይከፈታል፣ ደብዳቤ ይበተናል፣ ሰው ሁሉ ይመዘገባል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግማሹ ይጠፋል፣ ወር ሳይሞላ አንድ ጎበዝ ልጅ የሰውን ፓስወርድ ሰብስቦ ኮርሱን በየተራ ሲጨርስላቸው ታገኙታላችሁ። ከዛ ሪፖርቱ ላይ "ሰራተኛው ለቴክኖሎጂ ያለው አመለካከት ዝቅተኛ ነው" ተብሎ ይፃፋል። ኧረ ባካችሁ! ሰውየው በቴሌብር ይከፍላል፣ ቲክቶክ ላይ ያመሻል፣ ውጭ ካለች ልጁ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ያልፈለገው ስልኩን ሳይሆን እናንተ ያመጣችሁትን ነገር ነው፣ ያልፈለገበት ምክንያትም አለው፣ ምክንያቱን ሳታውቁ ኮርስ ላይ ኮርስ ብትጨምሩ ትርፉ ድካም ነው።

ይሄ መመሪያ ስልጠናውን "አንተ ያዘው፣ አንቺ ያዢው" ለተባለ ሰው ነው፣ የሰው ሀብትም ሁኑ አይሲቲም ሁኑ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ በተለይ ደረጃ 1 እና 2ን።

ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ መኖር ያለበት

1. የሰራተኛ ዝርዝር፦ ስም ከነአባትና ከነአያት ልክ ማህደሩ ላይ እንዳለ፣ አሁን የሚሰራ ስልክ ቁጥር፣ ስማርት ስልክ ይኑረው አይኑረው።
2. ሃላፊው የፈረመበት ወረቀት፦ ስልጠናው በስራ ሰአት እንደሚወሰድና በሳምንት ስንት ሰአት እንደተፈቀደ የሚል። የቃል ፍቃድ አይበቃም፣ ስራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚረሳው እሱ ነው።
3. የሚሰራ ዋይፋይ ያለበት አንድ ክፍል፣ ካልሆነ ለዳታ የተያዘ ብር።
4. ፓወር ባንክ፣ ማካፈያ፣ የተለያየ አይነት ቻርጀር።
5. ሲጠሩት የሚመጣ አንድ ረዳት። ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ወስዶ የጨረሰ ሰራተኛ ካላችሁ እሱን ያዙት፣ ኮዲንጉ ስለሚያስፈልግ ሳይሆን ብቻውን ኦንላይን ተምሮ መጨረስ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ።

2ኛውና 3ኛው ከሌሏችሁ አትጀምሩ። ሰው በራሱ ሰአትና በራሱ ዳታ ተማር ከተባለ እምቢ ቢል እውነቱን ነው።

ደረጃ 1፦ እምቢታው ከየት እንደሚመጣ ለዩ

የወረቀት መጠይቅ አትበትኑ። "ለዲጂታል ትምህርት ያለዎት ፍላጎት፦ በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ" የሚል ወረቀት አለቃ ከሰበሰበው ሁሉም በጣም ከፍተኛ ላይ ነው ምልክት የሚያደርገው፣ እናንተም በውሸት መረጃ ትጀምራላችሁ።

ይልቅ አንድ በአንድ አውሩ፣ ሻይ ቡና ላይ፣ ደብተር ሳትይዙ። ፍሬድ ዴቪስ የሚባል ተመራማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ መቀበል አለመቀበሉን በዋናነት ሁለት ነገር ላይ አስቀምጦታል፣ ለስራዬ ይጠቅመኛል ወይ እና ሳልቸገር እጠቀመዋለሁ ወይ። በ2003 እ.ኤ.አ. ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ በዙሪያዬ ያለው ሰው ምን ይላል የሚለውንና ሁኔታው ይመቸኛል ወይ የሚለውን ጨምረውበታል። እነዚህን በኛ አነጋገር ስትጠይቁ እንደዚህ ይሆናሉ፦

1. መጨረሻ የወሰድከው ስልጠና የት ነበር? ምን አገኘህበት?
2. ስልክህ ላይ አዲስ ነገር ሲመጣ ማን ነው የሚያሳይህ?
3. ዳታ በምን ያህል ጊዜ ትሞላለህ? ስልክህ ቦታ አለው ወይስ ሁሌ "ሙሉ ነው" ይልሃል?
4. ፈተና ኖሮ ብትወድቅ ማን እንዲያየው አትፈልግም?
5. ነገ ብንጀምር መጀመሪያ የሚያስቸግርህ ምንድነው?

1ኛው ጥያቄ የአበሉን ነገር ያወጣላችኋል። 2ኛውና 4ኛው ሀፍረትን ያወጣሉ፣ "ልጄ ናት የምታሳየኝ" ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ ማንን እንደሚጠይቅ ገና አያውቅም ማለት ነው። 5ኛውን እንዳትረሱት፣ "ትፈልጋለህ ወይ" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "እሺ፣ ችግር የለውም" ነው፣ በኛ ሀገር እሺ ማለት ደግሞ ተስማማሁ ማለት ላይሆን እንደሚችል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስትጨርሱ ቢሮ ገብታችሁ ከየስሙ ጎን አንድ ቃል ፃፉ፦ አበል፣ ሀፍረት፣ ጊዜ፣ ስልክ፣ ወይም ጥቅም። ሁለት ያለው ሰው ይኖራል፣ ሁለቱንም ፃፉ። ይሄን ወረቀት ለማንም አታሳዩ፣ ለአለቃም ቢሆን።

አንድ ተጨማሪ ስራ አለ። በየመስሪያ ቤቱ ስልጣን የሌለው ግን ሻይ ክበብ ውስጥ ቃሉ ከስራ አስኪያጁ በላይ የሚሰማ ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜ አንጋፋ ሂሳብ ሹም ወይም ነባር ነርስ። እሳቸው "የልጆች ጨዋታ ነው" ካሉ አለቀ። ኮርሱ ሳይከፈት በፊት ይዛችሁላቸው ሂዱና "ይሄ ላይ ከስራችን ጋር የማይሄድ ምን አለ?" ብላችሁ አሳዩዋቸው። ለማሳመን አትሞክሩ፣ ስህተት ያውጡላችሁ። ያወጡትን ስህተት አርሙና ያረማችሁትን መልሳችሁ አሳዩ።

*ከተበላሸ፦* ማንም አልናገር ካላችሁ ጠያቂውን ቀይሩ። የሰው ሀብት ሃላፊ ሲጠይቅ ሰው ቅነሳ ሊመጣ ነው ብሎ ይፈራል። ከራሳቸው ክፍል የሆነ ሰው ይጠይቅ።

ደረጃ 2፦ የአበሉን ነገር ፊት ለፊት አውሩ

ብዙ መመሪያ ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ግማሹ እምቢታ እዚህ ነው ያለው ባይ ነኝ።

የድሮው ስልጠና ምን ነበር? ባህርዳር ወይ አዲስ አበባ መሄድ፣ ውሎ አበል፣ ሁለት ሶስት ቀን ከቢሮ መራቅ፣ የሌላ ወረዳ ባልደረባ ማግኘት፣ በእረፍት ሰአት ሻይና ብስኩት፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት። ደሞዝ ለማያዳርሰው ሰው አበሉ የቤት ኪራይ መሙያ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ አንስታችሁ "ስልክህ ላይ ተማር" ስትሉት የሰጣችሁት ነገር የለም፣ የወሰዳችሁበት ነው ያለው። ይሄን ሳትናገሩ ስለ ዲጂታል ዘመን ብታወሩ ሰው ውስጡ ይስቃል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ከሃላፊው ጋር ለብቻ ተቀምጣችሁ አበል መቅረቱ ቁርጥ መሆኑን አረጋግጡ። በገፅ ለገፅ የሚቀሩ ስልጠናዎች ካሉ የትኞቹ እንደሆኑ በዝርዝር ያዙ።
2. ከቀረው ብር ላይ ምን ያህሉ ለሰራተኛው መመለስ እንደሚችል ጠይቁ። የዳታ ፓኬጅ፣ የትምህርት ቀን ቁርስ ወይ ምሳ፣ ትንሽም ቢሆን። የመንግስት መስሪያ ቤት ከሆናችሁ ፋይናንስ የሚቀበለው የወጪ አርእስት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቃል ገብታችሁ ወጪው ውድቅ ቢደረግ የሚቀጥለውን ኮርስ ማንም አያምናችሁም።
3. ስብሰባ ላይ በግልፅ ተናገሩ፦ "አበል የለውም። የሚኖረው ይሄና ይሄ ነው።" በዚህ ቃል፣ ሳታለሳልሱ።
4. የሰርተፊኬቱን ጥቅም የተረጋገጠ ከሆነ ብቻ ተናገሩ። ለጤና ባለሙያ ይሄ ቀላል ነው፣ የሙያ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ስለሚያስፈልግ ነጥብ የሚያዝበት ኮርስ ራሱን ይሸጣል፣ ኮርሱ እውቅና ያለው መሆኑን ግን ቀድማችሁ አጣሩ። ለሌላው ሰራተኛ ግን "ለእድገት ይያዝልሃል" ብላችሁ ካልተያዘ አልቆላችኋል።

*ከተበላሸ፦* ስብሰባው ወደ ጭቅጭቅ ከሄደ አታቋርጡት፣ ይውጣላቸው። ቅሬታውን ፅፋችሁ ለሃላፊው ስጡና መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ፣ መልሱ "አይሆንም" ቢሆንም እንኳ። ያልተመለሰ ጥያቄ ነው ሰው ላይ የሚከርመው።

ደረጃ 3፦ ሰአቱንና ቀኑን ምረጡ

- ሰኔ ላይ አትጀምሩ፣ የበጀት መዝጊያ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም።
- ሆቴልና አስጎብኚ ከሆናችሁ ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ጊዜ እርሱት። ጥር 11 የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በሚሞላበት ሳምንት አስተናጋጅ ፈተና ተፈተን አይባልም።
- ቢሮ ከሆናችሁ ከቀኑ 8:00 እስከ 9:00 ጥሩ ነው፣ ጠዋት ባለጉዳይ ይበዛል። አርብ ጠዋት ስራ 5:30 ስለሚወጣ መጨረሻው ላይ ስልጠና አታስገቡ።
- በፈረቃ ለሚሰራ ሰው ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ያለውን ሰአት ስጡት፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣን ነርስ ቪዲዮ ክፈቺ ማለት ነውር ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ። ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀንና ሰአት ነው። "ኦክቶበር 5፣ 23:59" የሚለውን ያየ ሰው ጥቅምት 5 ይመስለዋል፣ ኦክቶበር 5 ግን አብዛኛውን አመት መስከረም 25 ነው፣ 23:59 ደግሞ ከምሽቱ 5:59። ስለዚህ፦

1. የሲስተሙን የሰአት ዞን አዲስ አበባ ላይ አድርጉት።
2. የኮርሱ የመጀመሪያ ገፅ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትልቁ ፃፉት፣ ከነቀኑ ስም፦ "ሐሙስ ከቀኑ 11:00 ይዘጋል"።
3. መዝጊያውን ሌሊት አታድርጉት፣ የስራ ሰአት ውስጥ ይሁን፣ ሰው ሲቸገር የሚጠይቀው እንዲያገኝ።

*ከተበላሸ፦* በቀን ስህተት ያለፈበት ሰው ካለ ሳትጠይቁ ክፈቱለት። ጥፋቱ የካላንደሩ ነው።

ደረጃ 4፦ አካውንቱን እናንተ ጨርሱት

"ራሳችሁ ተመዝገቡ" ከተባለ ከመጀመሪያው ገፅ የሚመለሰው ሰው ብዛት ያስደነግጣችኋል። ኢሜይል የለውም፣ ያለው ደግሞ ፓስወርዱ ጠፍቶታል፣ የማረጋገጫ ኮዱም የሚሄደው ድሮ ወደጣለው ሲም ነው። እዚህ ላይ ተቸግሮ የተመለሰ ሰው "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ከዛ በኋላ እሱን ማምጣት ጭንቅ ነው።

ብዙዎቻችሁ ሙድል የሚባለውን የኦንላይን ኮርስ መጫኛ ሲስተም ስለምትጠቀሙ በሱ ልናገር፣ ሌላውም ብዙ አይርቅም።

1. ሰራተኛውን በአንድ የሲኤስቪ ፋይል (ከኤክሴል የሚወጣ ተራ የስም ዝርዝር) በጅምላ አስገቡ። የመግቢያ ስሙን ስልክ ቁጥራቸው አድርጉት፣ ማንም አይረሳውም።
2. ሙድል ሳይነካ ሲመጣ ፓስወርድ ቢያንስ 8 ሆሄ፣ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት ይጠይቃል። ለ55 አመት ሹፌር ይሄ ግድግዳ ነው። የሴኩሪቲ ሴቲንግ ገብታችሁ የምልክቱንና የትልቅ ፊደሉን ግዴታ አንሱና ርዝመቱን ጨምሩበት። የደሞዝ መረጃ ወይም የታካሚ መረጃ ያለበት ሲስተም ላይ ግን ይሄን እንዳታደርጉ!
3. የእንግሊዝኛ የስም ስፔሊንግ ከመታወቂያቸው ወይ ከዲፕሎማቸው ላይ ቅዱ። ጸሐዬ፣ ዘውዲቱ፣ ገብረእግዚአብሔር በስንት አይነት እንደሚፃፍ አስቡት፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የተሳሳተ ስም ከማህደር ጋር አይገናኝም።
4. የመግቢያ ስምና ፓስወርድ በትንሽ ወረቀት አትማችሁ በየግል ስጡ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሁሉንም ዝርዝር እንዳትለጥፉ፣ ያኔ ነው ኮርስ ጨራሹ ልጅ የሚወለደው።
5. እያንዳንዱን አካውንት ራሳችሁ ገብታችሁ ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሞክሩ።

*ከተበላሸ፦* "ፓስወርድ ተሳስቷል" ካለ በመጀመሪያ የስልኩን ኪቦርድ እዩ። አማርኛ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ስልኩ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ አድርጎት፣ ወይ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ገብቶ። ከሶስቱ አንዱ ካልሆነ ብቻ ነው ሪሴት የምታደርጉት።

ደረጃ 5፦ ትምህርቱን ለደካማ ኔትወርክና ለትንሽ ስልክ አሰናዱ

ኮምፒውተር ላይ ያማረ ነገር ስልክ ላይ አይነበብም። ፓወር ፖይንቱን እንዳለ መጫን እርሱት።

1. ቪዲዮውን ከ5 ደቂቃ አታሳልፉት፣ ጥራቱንም ቀንሱት። በ500 ኪሎቢት በሰከንድ የተጨመቀ ቪዲዮ በደቂቃ 4 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ ስለዚህ 5 ደቂቃው 20 ሜጋባይት አይሞላም። ፊት ማሳየት የማያስፈልገው ትምህርት ከሆነ በድምፅ ብቻ ቅዱት፣ በ32 ኪሎቢት የተቀዳ 10 ደቂቃ ድምፅ 2 ሜጋባይት ተኩል እንኳ አይሞላም።
2. ኮርሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ከየክፍሉ ፊት የአንድ ደቂቃ የአማርኛ ድምፅ አስቀድሙ፦ ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚጠየቁ። ድምፁ የሚያውቁት የስራ ባልደረባ ቢሆን ይመረጣል።
3. የድሮ የአማርኛ ፋይሎችን ፈትሹ። ዩኒኮድ (ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል ስርአት) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተፃፈ ማኑዋል ስልክ ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። በዩኒኮድ እንደገና አስፅፉት፣ ጊዜ ከሌለ ፎንቱ ውስጡ የተያዘ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከዛ በርካሽ ስልክ ከፍታችሁ አረጋግጡ።
4. የሙድልን የስልክ አፕ አስጭኑ፣ ኮርሱን ዋይፋይ ያለበት ላይ ያወርዱትና ቤታቸው ያለ ኔት ያዩታል። መጀመሪያ ግን አስተዳዳሪው የሞባይል አገልግሎቱ መከፈቱን ማረጋገጥ አለበት። ፈተናም ኦፍላይን ይቻላል፣ ሴቲንጉ ላይ ፍቀዱለት፣ የጊዜ ገደብ ያለበት ፈተና ግን ኦፍላይን እንደማይሰራ እወቁ።

ኔት ጨርሶ ቢጠፋስ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ስለዚህ ሰራተኛው "ነገ ይጠፋ የለ፣ ለምን እለፋለሁ" ቢላችሁ ስንፍና አትበሉት። ሁለተኛ መንገድ ከመጀመሪያው ይኑራችሁ፦ ሙድልን አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ከተራ የዋይፋይ ራውተር ጋር አገናኙት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ኢንተርኔት በስልኩ ይገባል። ይሄም ከከበዳችሁ ቪዲዮዎቹን በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ አስቀምጡ፣ ፈተናውን በወረቀት። የሲስተም ሰው "ወረቀትማ ወደ ኋላ መመለስ ነው" ይላችኋል፣ አትስሙት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው መግቢያ ቀን

አመለካከት የሚባለው ነገር የሚሰራው በዚህ አንድ ሰአት ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦

1. ከ6 እስከ 8 ሰው ብቻ በአንድ ዙር። አለቃና የበታች አንድ ዙር ላይ አታቀላቅሉ፣ አለቃ ፊት "አልገባኝም" የሚል የለም።
2. ከዛ ደረጃ 1 ላይ ከፃፋችሁት ወረቀት "ሀፍረት" ያላችኋቸውን ለይታችሁ አንድ ዙር አድርጓቸው። ለምን አንድ ላይ እንደሆኑ አትናገሩ።
3. ሰው ከመግባቱ በፊት ዋይፋዩን፣ ማካፈያውን፣ ፓወር ባንኩን ፈትሹ። መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ተዘጋጁ።
4. ስልክ የሞላበት ሰው ካለ መጀመሪያ ቦታ ማስለቀቅ። ፎቶ ከመሰረዛችሁ በፊት አስፈቅዱ! የልጅ ሰርግ ፎቶ አጥፍታችሁ ስለ ኦንላይን ትምህርት ብታወሩ ማን ይሰማል።
5. የመግቢያ ወረቀታቸውን ስጡ፣ ራሳቸው ይፃፉ።
6. መጀመሪያ የሚከፍቱት ነገር የማይወደቅበት ይሁን፦ የ2 ደቂቃ ቪዲዮና አንድ ቀላል ጥያቄ፣ እሱም ስለ እለት ስራቸው። "ትክክል" የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አይተው ይውጡ።
7. ውጡና እንደገና ግቡ በሏቸው። ይሄ ይዘለላል፣ መዘለል የለበትም፣ ቤት ሄደው ብቻቸውን የሚያደርጉት እሱን ነውና።

ለረዳቱ የምትነግሩት ትልቁ ህግ፦ ስልኩን ከሰው እጅ አትቀበል። ጣትህን ኪስህ ውስጥ አድርግ፣ በአፍህ አሳይ። ቀጥሎ አነጋገር አለ፣ 22 አመቱ የሆነ ልጅ እድሜ ልካቸውን የሰሩ ሰው ጋ ሄዶ "ይሄን ንካው፣ አይደለም፣ እሱን አይደለም" ካለ ነገሩ ተበላሸ። ጎንደር ነን፣ "አንቱ ይሄን ይንኩት፣ ጋሼ ቀስ ይበሉ" ነው የሚባለው፣ እትዬ መባል የለመደችውን እትዬ፣ ሲስተር የምትባለዋን ሲስተር።

*ከተበላሸ፦*
- ባለቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ከመጣ ሰው ፊት "ስማርት የለዎትም?" አትበሉ። የቢሮ ታብሌት ወይ ኮምፒውተር ቀድማችሁ አዘጋጁለት፣ ከዝርዝራችሁ ታውቁት የለ።
- መብራት ከጠፋ ሰውን አትበትኑ፣ የወረደውን ቪዲዮ በላፕቶፕ አሳዩና ጥያቄውን በቃል ጠይቁ።
- ሰው ተነስቶ "ስራ አለብኝ" ብሎ ከወጣ አትከተሉት። በማግስቱ ብቻውን አግኙት፣ ምን እንዳበሳጨው ጠይቁ፣ ስልጠናውን ራሱ አታንሱ።

ደረጃ 7፦ ክትትል፣ ግን ሳታሳፍሩ

ያልጨረሱ ሰዎችን ስም ግሩፕ ላይ ወይ ሰሌዳ ላይ አትለጥፉ። አለቆች ይሄን ይወዱታል፣ ለጊዜው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልም፣ ግን ከፍ የሚያደርገው ሌላ ሰው እየገባላቸው ነው።

1. በየሳምንቱ የመግቢያ መዝገቡን እዩ። ሁሉም አንድ ገፅ ላይ እየቆሙ ከሆነ ችግሩ ሰው ላይ ሳይሆን ገፁ ላይ ነው፣ ራሳችሁ በስልክ ክፈቱት።
2. የቆመ ሰው ላይ ደውሉ፣ አትፃፉ። "ምን ላይ ነው የደረሱት?" በቂ ነው።
3. ሃላፊው ኮርሱን ቀድሞ ይጨርስ፣ ውጤቱንም ይናገር፣ ዝቅ ያለ ቢሆንም። 60 አግኝቶ ደግሞ የተፈተነ አለቃ ከስንት ደብዳቤ በላይ ነው።
4. ውጤት ማን እንደሚያይ በግልፅ ንገሩ። ሙድል ላይ አንዱ ተማሪ የሌላውን ውጤት አያይም፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው የሚፈራው።

ሰው ለሰው እየሰራ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? የ40 ደቂቃ ኮርስ በ3 ደቂቃ ካለቀ፣ አካውንቶች ተራ በተራ እየተከታተሉ ከጨረሱ። በአይፒ አድራሻ (ሲስተሙ የሚመዘግበው የኢንተርኔት መስመር ቁጥር) ብቻ ግን ማንንም አትክሰሱ፣ በአንድ የቢሮ ዋይፋይ የገባ ሰው ሁሉ አንድ አይነት አይፒ ነው የሚያሳየው።

*ከተበላሸ፦* ካገኛችሁት ልጁን አትቅጡት። የማንን እንደሰራና ለምን እንደጠየቁት ጠይቁት፣ ከዛ በላይ እውነተኛ ጥናት አታገኙም። ከዛ የነዚያን ሰዎች ኮርስ ዜሮ አድርጋችሁ ልጁን በይፋ ረዳት አድርጉት፣ ቀድሞ በድብቅ ይሰራ የነበረውን አሁን ስልካቸውን ሳይነካ ያሳያቸዋል።

ደረጃ 8፦ የተማሩትን ስራ ላይ ጠይቁ

ከኮርሱ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተማሩትን የሚጠይቅ ስራ ስጡ። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የኦንላይን ቡኪንግ ኮርስ ከወሰደች ከዛ ቀን ጀምሮ ቡኪንጉን እሷ ትያዘው፣ ኮርሱን ወስዳ አሁንም ስራ አስኪያጁ ብቻ ከሆነ የሚከፍተው ሁለተኛ ኮርስ አትወስድም፣ ልክም ናት። ስራው ላይ የማይገባ ኮርስ ካለ ሰርዙት፣ ብር ወጥቶበትም ቢሆን።

ደረጃ 9፦ ሰርተፊኬትና የሚለቅ ሰው

1. ሰርተፊኬቱን አትማችሁ አንዱን ማህደር ውስጥ፣ አንዱን ለባለቤቱ። ማህተም ይኑረው፣ ፒዲኤፍ ብቻ የሚቀበል ቢሮ ገና ብዙ የለም።
2. ስሙ ከተሳሳተ ቀድሞ የታተመውን ቅደዱት፣ ሁለት አይነት ስም ያለው ሰርተፊኬት ማህደር ውስጥ አይኑር።
3. ሰው ሲዛወር ወይ ሲለቅ አካውንቱን ዲሊት አታድርጉት፣ ሰስፔንድ አድርጉት፣ ማለትም ሳይጠፋ እንዳይገባ ዝጉት። ዲሊት ካደረጋችሁት ውጤቱም አብሮ ይሄዳል፣ ሰውየው ነገ ለአዲሱ መስሪያ ቤቱ ማስረጃ ሊጠይቅ ሲመጣ የምትሰጡት ነገር አይኖራችሁም።
4. በመግቢያ ስምነት የተጠቀማችሁት ስልክ ቁጥሩን ስለሆነ ሲም የቀየረ ሰው ግራ ይጋባል፣ አዲሱን ቁጥር ፕሮፋይሉ ላይ መዝግቡና የመግቢያ ስሙ ግን የድሮው መሆኑን በወረቀት ፅፋችሁ ስጡት።